ደረጃ ላይ የሚጨስ ሲጋራ፦ ከጀሞ የጠየቅኩት ጥያቄ እስከ መልስ 41 የት ደረሰ

ሰላም ለሁላችሁ። መድረኩ ላይ የከፈትኩት ክር (ውይይት) በጣም ስለረዘመ አዲስ የምትገቡት ከላይ ማንበቡ እየሰለቻችሁ ያንኑ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ ስለዚህ እኔው የጀመርኩት ሰው ቁጭ ብዬ ማን ምን እንዳለ በየመልሱ ቁጥር ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ሁሉንም ቁጥርም አልጠቅስም፣ አሜን አሜን ብቻ ያላችሁ አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄን ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የ4 ዓመት ልጅ አለኝ፣ አስም አለበት። ከስራችን 2ኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፣ በጣም ጨዋ ሰው፣ ልጄን ባዩት ቁጥር ኪሳቸው ከረሜላ የማያጡ፣ ግን ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ወጥተው ሲጋራቸውን ይለኩሳሉ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደኛ ነው የሚመጣው፣ በሩ ስር ጨርቅ ብጠቀጥቅም ይገባል፣ ልጁ ይነቃና ያ ፉጨት የመሰለ ትንፋሹ ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ እንቅልፍ የለም። ለማህበሩ ሰብሳቢ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ የቤቱ ባለቤት እኔ መሆን አለመሆኔን ነው። ተከራይ መሆኔን ሲሰማ አከራይሽ መጥታ ታመልክት ብሎ ሸኘኝ። አከራዬ ደግሞ ያለችው ዱባይ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነበረች፣ ማህበሩ ደረጃና ኮሪደር ላይ ሲጋራ መከልከል ይችላል ወይ? ቤት ውስጥስ?

ቅዳሜ ማታ ለጥፌ ተኛሁ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ 11 መልስ ጠበቀኝ።

1 ላይ የመለሱልኝ ትልቅ ሰው ይመስሉኛል፣ ልጁን እግዚአብሔር ይማርልሽ ብለው ጀምረው ሕግ ሕግ ከማለት በፊት ቡና አፍልቼ ጋሼን ከነባለቤታቸው እንድጠራ መከሩኝ። ጎረቤት የሚከሰሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚል መንፈስ ነበረው ነገሩ። ወደዚህ ምክር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፣ ያኔ ግን ከልቤ አልሰማሁትም፣ ተናድጄ ነበራ።

2 ላይ አንዱ በሩ ስር እርጥብ ፎጣ አድርጊና አርፈሽ ተኚ አለኝ። እሱን እኮ ለምን ያህል ጊዜ እንዳደረግኩት!

3 ላይ የመጣው ግን ሙያ ያለው ሰው ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሰሩ ፎርማን እንደነበረ ነገረንና 2ን በትህትና አረመው። እንደሱ አባባል ደረጃው ራሱ እንደ ጭስ ማውጫ ነው የሚሰራው፣ ማታ ውጪው ሲቀዘቅዝ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሞቅ ያለ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭሱንም ይዞት ይወጣል፣ ከላይ ያለው ሰው ሁሌ ተጎጂ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በር ደግሞ አንዱ መግቢያ ብቻ ነው አለ፣ ውሃና ፍሳሽ ቧንቧ ፎቁን የሚያልፍበት ቀዳዳ በደንብ አይደፈንም፣ የአግሮስቶን (ተገጣጣሚው ሰሌዳ) ግድግዳ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ክፍት ነው፣ የመታጠቢያ ቤቱ አየር መውጫማ ጭሱን ወደ ላይኛው ቤት ነው የሚወስደው። ማታ ጧፍ አብርቼ ቧንቧው ጋና ሶኬቱ ጋ ነበልባሉ የሚጎነበስ ከሆነ እንዳይና በሲሊኮን ወይም በፎም እንድደፍነው አሳየኝ። ሞከርኩት! ኩሽና እቃ ማጠቢያው ስር ጧፉ ጭራሽ ሊጠፋ ነው የደረሰው፣ ለካ በሩን ስጠቀጥቅ የከረምኩት በከንቱ ነው። ሰውየው ግን ሐቀኛ ነው፣ መድፈን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም ብሎ ነው የጨረሰው።

4 ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ጠቀሰ፣ ያ ጥር 2011 ላይ ፓርላማው ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ። የትምባሆው ክፍል ጠንካራ እንደሆነ አስረዳ፣ ዝግ በሆነ የስራ ቦታ፣ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤትና ትራንስፖርት ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው፣ ከነዚህ ቦታዎች በርና መስኮት 10 ሜትር ሳይርቁም አይቻልም፣ እድሜው 21 ላልሞላ ሰው አይሸጥም፣ ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም አይፈቀድም። የሰው የግል ሳሎን ግን የስራ ቦታም የሕዝብ ቦታም ስላልሆነ ቤት ውስጥ የሚያጨሰውን በዚህ አዋጅ መያዝ እንደሚያስቸግር ጨመረልኝ።

5 ወዲያው ያዘው፣ ደረጃውስ? ደረጃው የማንም ሳሎን አይደለም። እሱ የመዘዘው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅን ነው፣ ቁጥር 370/1995። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁሉም ቤት ባለቤቶች የጋራ ሀብት ነው፣ የሚያስተዳድረው ማህበሩ ነው፣ ማህበሩም መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል። ስለዚህ ደንቡ ላይ አንድ መስመር መጨመር በቂ ነው የሚል ሐሳብ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን የማህበሩ አባል ቤቱ ያለው ሰው ነው፣ ተከራይ ድምፅ አይሰጥም፣ ደንቡን ግን ያከብራል። ገባችሁ አይደል፣ ጭሱን የምስበው እኔ፣ እጅ የምታወጣው ዱባይ ያለችው አከራዬ።

6 ላይ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው፣ ባለቤት ሳይሆን አይቀርም፣ የማይመችሽ ከሆነ ልቀቂ፣ ስንት ዓመት ቆጥበን በእጣ ያገኘነው ቤት ነው፣ ትናንት የመጣ ተከራይ በቤታችን አያዘንም ብሎ ጻፈ። 7 ደግሞ አልማራትም፣ ተከራይ ሳንባ የለውም ወይ ብላ ጀመረችና የኮንዶሚኒየሙን ባንክ እዳ የሚከፍለው የተከራዩ ኪራይ መሆኑን አስታወሰችው፣ ከዛም የማልደግመው ነገር አለ። ልክ ነሽ እህቴ፣ ግን እናቱን ምን አመጣቸው።

ከዛ 8፣ አጫሹ። እውነት ለመናገር ይሄንን ሰው ሳነበው መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አሁን ሳየው ግን ከሁሉም የሚሻል ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው። 22 ዓመት አጭሷል። ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ አያጨስም፣ በረንዳ ላይ ሲወጣ የላይኛዋ ጎረቤት መስኮት ትደበድባለች፣ ደረጃ ላይ ሲሆን እንደኔ ያለች ሴት ስሙን ትለጥፋለች፣ ካፌ በር ላይ ሲቆም አስተናጋጁ ያባርረዋል። የት ልሂድ ነው የሚለው። ከዛ ተናደደና እናንተ በየቀኑ ኮሪደሩን በከሰል ጭስ ስትሞሉት፣ ዕጣን ስታጨሱ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በግ ደረጃ ላይ ስትጎትቱ እኔ ምን አልኳችሁ ብሎ ጨረሰ። መንግሥት ራሱ በትምባሆ ሞኖፖል በኩል ስንት ዓመት ኒያላ ሲጋራ ሲሸጥልኝ ከርሞ አሁን ድርጅቱን ለጃፓኖቹ ሸጦ እኔን ወንጀለኛ አደረገኝ የምትል ነገርም አለችው፣ ሳልወድ አሳቀችኝ።

የከሰሏ ነገር እሳት ጫረች። 9 እና 10 ላይ ቡናችንን ከሲጋራ ጋር አታወዳድር፣ ባህላችን ነው፣ ምናምን። 11 ላይ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ ያለች ሴት ገባችና ሁለቱንም ወገን አላስደሰተችም። የከሰል ጭስ በርግጥ ይጎዳል፣ ዝግ ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰው እንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል፣ ስለዚህ አጫሹ በዚህ ትክክል ነው አለች። ግን አንዱ መጥፎ መሆኑ ሌላውን ጥሩ አያደርገውም። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካል እንዳለ፣ ከነሱ 70 የሚሆኑት ካንሰር እንደሚያመጡ፣ የአሜሪካው ዋና የጤና ሹም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሪፖርት ለማያጨስ ሰው ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ መደምደሙን ጻፈች። ሕፃን ላይ ደግሞ አስም ይቀሰቅሳል፣ የጆሮ ኢንፌክሽን ያመጣል። እኔን በግሌ የመታኝ ግን ሌላ ነው፣ የሲጋራ ሽታ ለማጥፋት ዕጣን የምታጨሱና ሽቶ የምትረጩ እናቶች የልጁን ሳንባ ሁለተኛ ጊዜ ነው የምትመቱት አለች። እኔ ምን ሳደርግ እንደከረምኩ ገምቱ። በየማታው ዕጣን። ዝም ብዬ ስልኬን አስቀመጥኩት።

12 ቀልድ ነው፣ ይለፈኝ።

13 ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የጻፈው፣ አባቱ የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። እዛ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 መጨረሻ ጀምሮ በፌደራል ደንብ የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ጭራሽ ቀርቷል፣ መኝታ ቤትህ ውስጥም ቢሆን፣ ከሕንፃውም 25 ጫማ መራቅ አለብህ፣ ወደ 7 ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። አባትየው 70 አልፏቸዋል፣ 9ኛ ፎቅ ናቸው፣ ክረምት ላይ ካፖርታቸውን ደርበው ኮፍያቸውን አድርገው ሊፍት ጠብቀው ወርደው በረዶ ላይ ቆመው ያጨሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ በጣም አዝኖላቸው ነበር፣ ሽማግሌ እንደ ልጅ ከቤት ሲባረር ማየት ቀላል አይደለም ይላል። በኋላ ግን ውጣ ውረዱ ሲሰለቻቸው በቀን ከአስር ወደ ሦስት አወረዱት፣ ሐኪም ስንት ዓመት ለምኗቸው ያልሆነው ሊፍት ሲበላሽ ሆነ። አቆሙ ወይ ብለን ስንጠይቀው አላቆሙም፣ ሦስቷን ማንም አይነካብኝም ብለዋል አለ።

14 እና 15 የአባትየውን ጤና ጠይቀው ወጡ። አንዳንዴ ይሄ መድረክ ደስ ይለኛል።

16 ፍራንክፈርት ያለ ሰው ነው። ጀርመን ውስጥ በረንዳ ላይ ስለማጨስ ሁለት ጎረቤቶች ተካሰው እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2015 ላይ ተወሰነ። ዳኞቹ አጫሹን አታጭስ አላሉትም፣ የማያጨሰውንም ቻለው አላሉትም። ጭሱ በጣም የሚያውክ ከሆነ ቀኑ በሰዓት ይከፋፈል፣ አንዱ በረንዳው ላይ የሚያጨስበት፣ ሌላው ንጹህ አየር የሚያገኝበት ሰዓት ይኑር ነው ያሉት። ይቺን ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ፣ የሳቸው ሰዓትና የልጄ የእንቅልፍ ሰዓት አንድ ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ጠብ የለንም።

17 የአሜሪካውን አረመው፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ ያ የ2018ቱ ደንብ የመንግሥት ቤቶችን ብቻ እንጂ የግል አፓርትመንትን አይነካም፣ የግል ከሆነ የሚወስነው ውልህ ነው፣ ውሉ ላይ ማጨስ ክልክል ነው ተብሎ ከተጻፈ ታጥፈህ ትቀመጣለህ፣ ካልተጻፈ ጎረቤትህ ያጨሳል አንተ ትስላለህ። አሜሪካ ሁሉ ተከልክሏል እየተባለ ወሬ እንዳይነዛ ነው የፈለገው። 13 ተቀብሎ አመሰገነው፣ እዚህ ክር ላይ እርማት ተቀብሎ ያመሰገነ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከ18 እስከ 22 ሜዳውን ለቀናል። 18 ሰሚት አካባቢ ፎቁ ላይ አንድ ቤት ተከራይተው ጫትና ሺሻ ቤት እንዳደረጉበት፣ ሌሊት ሙሉ ጭስና ሙዚቃ እንደነበር፣ ፖሊስ መጥቶ እቃውን ጭኖ እንደሄደና በሳምንቱ ተመልሰው እንደከፈቱ አወራ። ከዛ የሌላው ጎረቤት ውሻ መጣ፣ ከዛ የውሃ ፓምፕ፣ ከዛ ፓርኪንግ፣ ከዛ 4ኛ ፎቅ ላይ ሙቀጫ የሚወቅጡት ሴትዮ። 20 እና 21 ስለ ፓርኪንግ ሲጣሉ አወያዩ ገብቶ ወደ ጭሱ ተመለሱ እስኪል ድረስ። የሙቀጫዋ ሴትዮ ግን የኛ ብሎክ ላይም ሳትኖር አትቀርም።

23 ነው ለኔ ክሩን የቀየረው። ሴት ናት፣ ጠበቃ ትመስለኛለች፣ ረጋ ያለች። አዲሱን አዋጅ ሁሉ ትታ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሄደች፣ አንቀጽ 1225። እዛ ላይ የንብረት ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር ማድረግ እንደሌለበት፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም መንቀጥቀጥ ማምጣት እንደማይችል ተጽፏል። ጭስ! በስሙ! ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ሰው ሁሉ በግቢ በሚኖርበት ዘመን። ይሄ ሕግ የሚያየው የባለቤቱን አጠቃቀም ነው እንጂ ሲጋራን ለይቶ አይደለም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ የተለኮሰም ቢሆን ወደ ጎረቤት ካለፈና ከልክ ካለፈ መነጋገሪያ አለ ባይ ናት። ነገር ግን ያው አንቀጽ ልኩ ሲለካ የአካባቢው ልማድ ይታይ ይላል፣ እዚች ጋ ተጠንቀቁ ብላ አስጠነቀቀችን።

አስጠንቅቃ ምን ዋጋ አለው፣ ከ24 ጀምሮ ሁሉም ልማድ ላይ ተረባረበ። 24 ቡናና ዕጣን ልማድ ስለሆነ ይፈቀዳል፣ ሲጋራ ልማድ ስላልሆነ አይፈቀድም ብሎ ነገሩን በአንድ መስመር ጨረሰው። 25 ጋያ የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ መጣ፣ አያቱ ቅሏን እያንቦረቦሩ በእድር ድንኳን ሲያጨሱ ያደገ ሰው ነው። 26 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ምን ያህል አጥብቀው እንደከለከሉ አንስቶ አገሩ ገና ድሮ ወስኗል አለ፣ 27 ደግሞ በዘመነ ዮሐንስ ደረጃ ያለው ኮንዶሚኒየም የት ነበር ብሎ አፌዘበት። እኔ እዚህ ላይ አስተያየት አለኝ፣ ሕጉ ልማድ ሲል ማን ጥንት ጀመረ ማለቱ አይመስለኝም፣ አንድ ብሎክ ላይ አብሮ የሚኖር ሰው ምን ያህሉን ችሎ ይኖራል ማለቱ ነው። የቡናው ጭስ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ጎረቤትም ተጠርቶ ይጠጣል። ጋሼ ሲጋራ ሲለኩሱ ማንንም አይጠሩም።

28 ልደታ ኮንዶሚኒየም የማህበር ኮሚቴ ውስጥ የሰራ ሰው ነው፣ እውነተኛ ልምድ ያመጣው እሱ ነው፣ ረዘም ላድርገው። እነሱ ጋ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ደረጃ፣ ኮሪደርና መግቢያ በር ላይ ማጨስ ክልክል ነው የሚል ደንብ አጸደቁ፣ ቅጣት አስቀመጡ፣ ማስታወቂያ ለጠፉ። የመጀመሪያው ወር ማንም አልሰማቸውም፣ ማስታወቂያው ላይ ሲጋራ ያጠፉበት ሰው ነበር። ቅጣቱን የሚሰበስበው ጥበቃው ነው፣ ጥበቃው ራሱ ያጨሳል፣ ማን ማንን ይቅጣ። ከዛ አንዷ የኮሚቴ አባል፣ እሷም የማታጨስ፣ ሰዎቹን ውጡ አልን እንጂ የት ሂዱ አላልናቸውም አለች። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ፣ ከሁሉም መስኮት ራቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ ከላይ መቱ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አሸዋ የሞላ የቀለም ባልዲ ለሲጋራ ቁራጩ። በሁለት ሳምንት ደረጃው ጸዳ። ቅጣትም አላስፈለገም። የቀረው አንድ ሰው ነበር፣ እሱንም ሌሎቹ አጫሾች ራሳቸው ተቆጥተው አወረዱት፣ በሱ ምክንያት ቆርቆሮዋ እንዳትፈርስባቸው። 8 እንግዲህ መልሱን ከሃያ መልስ በኋላ አገኘ፣ መጥቶም ልደታ ባዶ ቤት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

29 ግን ነገሩን ወደ ቁጥር መለሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶ ነው፣ ወንዶቹ 8 በመቶ፣ ሴቶቹ 2 በመቶ እንኳን አይሞሉም፣ ለነዚህ ጥቂቶች ቆርቆሮ የምንመታው ለምንድነው ባይ ነው። 30 ጥቂት ከሆኑ ታዲያ ቆርቆሮውም ትንሽ ነው የሚበቃው አለው። ጎበዝ።

31። ይቺን ሴት አላውቃትም፣ አካውንቷ አዲስ ነው፣ ለዚች መልስ ብላ የከፈተችው ይመስለኛል። ያ 2 በመቶ የማይሞላው ቁጥር ውስጥ መሆኗንና ቁጥሩን ጠይቀው ስለጻፉት ብቻ እንደማታምነው ተናገረች። ታጨሳለች፣ ማንም አያውቅም፣ ባሏም። ደረጃ ላይ መውጣት አትችልም፣ ቆርቆሮ ስር ከወንዶች ጋር ብትቀመጥ በማግስቱ ስሟ ሰፈሩን ይዞራል። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ዘግታ፣ ሻወር ከፍታ፣ አየር መውጫው ስር ቆማ ታጨሳለች። 3 ላይ ያለው ፎርማን ስለ መታጠቢያ ቤት ያለውን ስታነብ ከላይዋ ሕፃን ያላት ሴት እንዳለች አስታወሰችና ሁለት ቀን አልተኛችም። እናንተ የምታወሩት ስለሚታይ ጭስ ነው፣ የማይታየው በሕንፃው ሆድ ውስጥ እየሄደ ነው የሚል ነው ነገሯ።

የመጡላት መልሶች ያሳፍራሉ። 32 እና 34 ሴት ልጅ እንዴት፣ ምን አይነት ሚስት፣ እንዲህ ያለ ነገር። 8ን 22 ዓመት አጭሻለሁ ሲል ማንም ምን አይነት ባል አላለውም እኮ! ጋሼንም እኔ ራሴ ጨዋ ሰው ብዬ ነው የጀመርኩት። አወያዩ ሁለቱንም አጠፋልኝ። 33 ነርሷ ናት ተመልሳ የመጣችው፣ ወቀሳ አልጨመረችም፣ ማቆም ከፈለገች ሐኪም ማማከር ነውር እንደሌለው፣ ኒኮቲን ሱስ እንጂ ጠባይ እንዳልሆነ ነገረቻት። 35 ላይ 31 አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፣ አመሰግናለሁ፣ ከዛ በኋላ አልታየችም። እህቴ ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

36 እኔ ነኝ። 1 ላይ ያሉትን ሰምቼ ረቡዕ ማታ ቡና አፈላሁ፣ ዕጣኑን ትቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ። ጋሼና እትዬ መጡ። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሁለተኛው ስኒ ላይ ደረስን፣ ልጁ መሃል ላይ መጥቶ ያቺን የሚነፋ መድሃኒቱን ጠየቀኝ፣ ስፔሰሩን፣ መድሃኒቱን የሚስብበትን እቃ፣ አፉ ላይ ስይዝለት ጋሼ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ነገርኳቸው፣ ማታ ማታ እንደሚብስበትም ጨመርኩ፣ ሲጋራ የሚል ቃል ሳላወጣ። ዝም አሉ። እትዬ ግን ዝም አላሉም፣ እኔ ከቤት ያስወጣሁት ለመጋረጃዬ ብዬ ነበር፣ ለካ ወደ ሕፃን ነው የላክሁት ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጋሼ ያን ያህል ሲያፍሩ አይቼ የኔም ቡና አልወርድ አለኝ። ሁለት ዓመት ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ የነገራቸው ሰው አልነበረም እኮ፣ እኔ ለሰብሳቢው ነገርኩ፣ ለናንተ ነገርኩ፣ ለሳቸው ብቻ አልነገርኩም።

ከዛ ወዲህ ጋሼ ታች ወርደው ሮቶው ጋ ነው የሚያጨሱት። ቁልቁል ሁለት ፎቅ ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብርድም ነው። ፎርማኑ እንዳለው ቀዳዳውንም አስደፍኛለሁ። ልጁ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የነቃው፣ እሱም ዝናብ የዘነበ ማታ፣ ጋሼ ወርደው ይሆን አይሆን አላየሁም፣ አልጠየቅኩምም። ለሰብሳቢው የልደታውን ቆርቆሮ ነገርኩት፣ ጉባኤ ላይ እናያለን አለ፣ ጉባኤው መቼ እንደሆነ አልነገረኝም።

37 እንኳን ደስ አለሽ፣ 38 ይሄ መፍትሔ አይደለም ሽማግሌ ማንገላታት ነው፣ 39 ደግሞ 38ን ልጅ ሲታፈን ዝም ልትል ነው ወይ፣ እንደገና ሊጀምሩ ነበር። 40 ላይ 23 ተመልሳ፣ ተከራይ ብሆንም 1225ን የሚያነሳ ደብዳቤ በአከራዬ ስም ለማህበሩ እንዳስገባና ለዚህ ውክልና ከዱባይ ቢላክልኝ እንደሚሻል ጻፈችልኝ። አከራዬን ደውዬላት ነበር፣ ኪራይ ቀንሺልኝ ልላት የደወልኩ መስሏት አላነሳችም።

41 አዲስ ሰው ነው፣ ከላይ ምንም አላነበበም፣ ጀሞ እናንተ ብሎክ ላይ ባለ አንድ መኝታ የሚከራይ ቤት ካለ ዋጋውን ንገሪኝ አለኝ። አለ፣ 4ኛ ፎቅ፣ ከኔ በላይ። ታጨሳለህ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ እስካሁን አልመለሰም።